ምዕራፍ 7፦ የበዛው ሲያጎድል

ሾዋክ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ አትባራ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። የእኛ ሰው ስሟን የሚያውቀው በአብዛኛው ከስደት ጋር ነው፤ ሱዳን በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን የምሥራቁን የስደተኞች ጉዳይ የምታስተዳድረው ከዚያ ሆና ነበር። እኔ ግን በዚህ ምዕራፍ ሾዋክን የማነሣት ጋሪ ለሚጎትቱት እንስሳት ስል ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን የሹክሪያ ዘላኖች ግመል የሚያሰማሩበት የቡታና ሜዳ ይዘረጋል። በስተደቡብ ደግሞ ዝናብ ሲነካው የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር መሬት ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ፣ ሰሊጥና ማሽላ። የጋሪ አህያና ድንክ ፈረስ እዚያ የሚበሉት ይህ መሬት የሚሰጠውን ነው፦ የማሽላ አገዳ፣ ሲገኝ ጭብጥ ማሽላ፣ ከዘይት መጭመቂያ የወጣ የሰሊጥ ፋጉሎ (እነሱ አምባዝ ይሉታል)። ድንበሩን ተሻግሮ መተማና ሁመራ ላይ አፈሩም ሰብሉም ያው ነው። ወደ ደጋ ሲወጡ አገዳው ጭድ ይሆናል፣ ማሽላው ደግሞ ፉርሽካ።

በምዕራፍ 5 አንዳንድ ድንክ ፈረሶችና አህዮች የበሉትን በሚገባ መጠቀም የሚያቅታቸው ለምን እንደሆነ አይተናል። እዚያ ሳልመልሰው ያለፍኩት ጥያቄ ነበር፦ እንዲህ ላለ እንስሳ የትኛው ማዕድን ይገዛለት? ማዕድን የምለው ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ጨውና የመሳሰሉትን ነው።

ባለንብረቱ በጎው ነገር ሁሉ በአንድ ከረጢት ተደባልቆ ቢሸጥለት ይወዳል፣ ሻጩም እንዲሁ። ነገሩ ግን እንዲያ አይሄድም። በማዕድን ረገድ ብዙ ጊዜ እንስሳውን የሚያሳምመው ያላገኘው ነገር ሳይሆን የበዛበት ነገር ነው። አንዱ ሲበዛ የሌላውን መንገድ ይዘጋል፤ ሌላው መኖው ውስጥ እያለ ለሥጋው እንደሌለ ይሆናል።

ጎተራው

በፈረስ አካል ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የተከማቸው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። በደም የሚዘዋወረው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው በዚያች ኢምንት ነው። ስለዚህ አካሉ የደሙ ካልሲየም ዝቅ እንዲል አይፈቅድም። አንገት ላይ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ሌት ተቀን ይጠብቁታል። ከመኖ የሚገባው ሲያንስ ትእዛዝ ያስተላልፋሉ፣ አጥንትም ካልሲየሙን እየፈታ ወደ ደም ይለቃል።

አጥንቱን እንደ ጎተራ፣ ደሙን እንደ ማዕድ እንቁጠራቸው። ከእርሻ የሚገባ እህል ቢጠፋም ማዕዱ አይጎድልም፣ ከጎተራው እየተቀዳ ይበላል። እንግዳ ቤቱ ገብቶ ማዕዱን ቢያይ ይህ ቤት ጠገበ ይላል። ጎተራውንም ከውጭ ቢያየው ጭቃው እንደተመረገ ነው። መጉደሉ የሚታወቀው በእጅ ሲንኳኳ ነው።

ለዚህ ነው የታመመውን ፈረስ ደም ወስዶ ካልሲየሙን መለካት ብዙም የማይረዳው። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይመጣል፤ የተለካው ማዕዱ እንጂ ጎተራው አይደለምና።

ጎተራው እየተራቆተ ሲሄድ ምልክቶቹ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ፈረሱ ዛሬ በፊት እግሩ ነገ በኋላው ያነክሳል። አረማመዱ ይደርቃል። ማኘክ ያመዋል፣ ጥርሱ ይላላል፣ ይከሳል። በመጨረሻ የፊቱ አጥንት በሁለቱም ጎን ያብጣል፤ አካሉ ከመንጋጭላው የወጣውን ካልሲየም የሚተካበት ሲያጣ ቦታውን በለስላሳ የጅማት ሥጋ ይሞላዋልና። እንግሊዞች በሽታውን የወፍጮ ቤት ፈረሶች ሕመም ይሉት ነበር፤ የባለ ወፍጮ ፈረስ ከዱቄት የተረፈውን ፉርሽካ እንደ ልቡ ስለሚበላ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 በፊሊፒንስ የነበሩ የአሜሪካ ጦር የእንስሳት ሐኪሞች በጦሩ ፈረሶች ላይ ያደረጉትን ሰፊ ምርመራ አሳትመው ምክንያቱ የካልሲየም ማነስና የፎስፈረስ መብዛት መሆኑን አሳዩ።

ሁለት ኪሎ ፉርሽካ

ሒሳቡን እንሥራው፣ አይከብድም። 200 ኪሎ የሚመዝን ድንክ ፈረስ እንውሰድ፤ የአገራችን የጋሪ ፈረስ ብዙው በዚህ አካባቢ ነው። ያለ ሥራ ቢውል እንኳ በቀን 8 ግራም ገደማ ካልሲየምና 6 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ይፈልጋል። በቀን 4 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል እንበል፣ ግማሹ ጭድ ግማሹ ፉርሽካ።

አንድ ኪሎ የስንዴ ፉርሽካ 1 ግራም ያህል ካልሲየምና 11 ግራም ያህል ፎስፈረስ አለው። አንድ ኪሎ ጭድ ደግሞ ወደ 3 ግራም ካልሲየምና 1 ግራም ፎስፈረስ። ስንደምረው ፈረሳችን በቀን 8 ግራም ካልሲየምና 24 ግራም ፎስፈረስ ያገኛል።

የሚያስፈልገው ካልሲየም 8፣ ያገኘው 8። በወረቀት ላይ ምንም አልጎደለበትም። ይህ ፈረስ ግን ይታመማል፣ ምክንያቱም ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ለጤነኛ አጥንት ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል፣ ቢቻል አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። በምዕራፍ 3 እንዳየነው በፉርሽካና በእህል ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ የተቀመጠ ነው። ፋይቴቱ በትንሹ አንጀት ሲያልፍ ካልሲየሙን አንቆ ይወስደዋል፣ ፈረስ ካልሲየም የሚመጠው ደግሞ እዚያ ነው። በትልቁ አንጀት ጥቃቅን ነፍሳት እስሩን ሲፈቱት ፎስፈረሱ ይመጠጣል፤ ካልሲየሙ ግን የመግቢያ በሩን አልፎታል። የደሙ ፎስፈረስ ከፍ ይላል፣ ዕጢዎቹ ይደነግጣሉ፣ ጎተራው ይከፈታል።

አሁን ባለጋሪው ሱቅ ሄዶ ለአጥንት ይሆናል የተባለ ማዕድን ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የአጥንት ዱቄት ወይም ዳይካልሲየም ፎስፌት ነው። ሁለቱም ካልሲየም አላቸው፣ ሁለቱም ግን ፎስፈረስም አላቸው። በዳይካልሲየም ፎስፌት ውስጥ ካልሲየሙ 23 በመቶ ገደማ ሲሆን ፎስፈረሱ 18 በመቶ ይደርሳል። ፎስፈረስ ለበዛበት ፈረስ ፎስፈረስ ገዝቶ መስጠት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

የሚሻለው መንገድ ርካሽ ነው። ፉርሽካውን ወደ 1 ኪሎ አውርዶ በቦታው 1 ኪሎ የደረቀ አልፋልፋ ማስገባት። አልፋልፋ በኪሎ 13 ግራም ገደማ ካልሲየምና ሁለት ተኩል ግራም ያህል ፎስፈረስ አለው። ድምሩ 20 ግራም ካልሲየም ለ15 ተኩል ፎስፈረስ ይሆናል፤ ሚዛኑ ተቃና። አልፋልፋ በሌለበት ደግሞ ለመኖ ተብሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ዱቄት አለ፦ ከመቶ 37 ያህሉ ካልሲየም ነው፣ ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል። ሁለት ኪሎ ፉርሽካ መቀነስ ያልቻለ ሰው በቀን 80 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራ ግን ማንም እንዳይሞክር፤ እሱ የተቃጠለ ነው፣ አፍና አንጀት ይልጣል።

በነገራችን ላይ ፉርሽካ በጣሳ ሲሰፈር ያታልላል። ቀላል ስለሆነ ጣሳው ሞልቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከተገመተው ያንሳል፣ የተጠቀጠቀ ከሆነ ደግሞ ይበልጣል። አንድ ጊዜ በሚዛን ለክቶ ጣሳው ላይ ምልክት ማድረግ የትኛውንም ሒሳብ ከመጀመር በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

የሰሊጡ ካልሲየም

ወደ ሾዋክ እንመለስ። እዚያ ፉርሽካ ሳይሆን ማሽላና አምባዝ ነው ያለው። የማሽላ ፍሬ ልክ እንደ ፉርሽካ ነው፣ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ አሥር እጥፍ ይሆናል። ፋጉሎው ግን በወረቀት ላይ ደስ ይላል፤ ከዘይት ፋጉሎዎች ሁሉ የሰሊጡን ያህል ካልሲየም ያለው የለም ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሠንጠረዥ አይቶ መኖ የሚያቀናብር ባለሙያ ማሽላው ያጎደለውን ሰሊጡ ሞላው ብሎ ሊዘጋው ይችላል።

ሰሊጥ ግን ካልሲየሙን በቅርፊቱ ውስጥ ነው የሚያኖረው፣ ኦክሳሌት ከሚባል አሲድ ጋር አጣምሮ። ይህ ጥምረት በውኃ የማይሟሟ ደቃቅ ጠጠር ነው። የላም ጨጓራ ውስጥ ያሉት ነፍሳት ኦክሳሌቱን ይበሉትና ካልሲየሙን ነጻ ያወጡታል። ፈረስና አህያ ያ ጨጓራ የላቸውም፣ በምዕራፍ 6 በሰፊው አይተነዋል፤ ጠጠሩ እንደገባ ይወጣል። ከነቅርፊቱ የተጨመቀ ፋጉሎ ለላሚቱ የካልሲየም ምንጭ ሲሆን ለጋሪው ፈረስ በአብዛኛው የካልሲየም ስም ነው።

ይህ የሰሊጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ በ1970ዎቹ (በፈረንጆች) ፉርሽካ ቀምሰው የማያውቁ፣ በለምለም ግጦሽ ላይ የሚውሉ ፈረሶች ፊታቸው ማበጥ ጀመረ። ሲመረመር ሣሩ ካልሲየም አልጎደለውም። ለግጦሽ ማሻሻያ ከአፍሪካ ተወስደው የተዘሩት ሣሮች ኦክሳሌት ስለበዛባቸው ነበር ካልሲየሙ ታስሮ የቀረው። ከእነዚያ አንዱ ቡፈል የሚባለው ሣር ነው፣ በሱዳን ደረቅ ሜዳዎችም በእኛም ቆላ በራሱ የሚበቅል። ጥቂት ማሽላ ለሚጨመርለት፣ ኦክሳሌት በበዛበት ሣር ላይ ለሚውል እንስሳ እንግዲህ ጫናው ከሁለት ወገን ነው።

የወፈረው

ሌላው ዓይነት ችግር ተቃራኒ ይመስላል። የአዝመራ ወቅት ይመጣል፣ ማሽላ ይወቃል፣ አውድማው ላይ የተረፈውን እህል እንስሳው ሳይከለከል ይጠግበዋል። ወይም ደግሞ ሥራ አጥቶ በጥሩ መኖ ታስሮ ይከርማል። አህያና ድንክ ፈረስ በትንሽ መኖ እንዲኖሩ የተፈጠሩ ናቸው፤ ሲተርፋቸው አንገታቸው ላይ ደንዳና ስብ ይከምራሉ፣ ስኳርን ከደም የሚያወጣው ኢንሱሊን በደማቸው ይበዛል። የበዛው ኢንሱሊን ሰኮናውን ከውስጥ ካለው አጥንት ጋር ያያያዘውን ሥጋ ያላላዋል። በድንገት ብዙ እህል መሰልቀጥም በሌላ መንገድ ወደዚያው ያደርሳል። እንስሳው ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቆማል፣ አንድ እርምጃ መሄድ ይጨንቀዋል።

ለዚህኛው ማግኒዥየምና ክሮሚየም የተቀላቀለበት ዱቄት በውጭ አገር በሰፊው ይሸጣል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰኮናቸው ታሞ ለነበሩ ወፍራም ፈረሶች ይህንኑ ለ16 ሳምንታት ሰጥቶ ክብደታቸውም ኢንሱሊናቸውም እንዳልተሻሻለ አሳይቷል። መድኃኒቱ እህሉን ማቆምና፣ ሰኮናው ሲፈቅድ፣ ማንቀሳቀስ ነው። ማስራብ ግን አይደለም፤ ወፍራም አህያ በድንገት መብላት ሲያቆም ስቡ ወደ ደሙ ይጎርፍና ጉበቱን ይጥለዋል፣ ብዙውም አይተርፍም። ጭድና አገዳ እየበላ ቀስ ብሎ ይክሳ።

ማዕድን የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እህልና ፋጉሎ የተቋረጠበት እንስሳ በጭድ ብቻ ሲቀር ዚንክና መዳብ ያንሱታል፤ ሰኮና በደንብ እንዲያድግ የሚያስፈልጉት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ለ200 ኪሎ ፈረስ በቀን 160 ሚሊ ግራም ዚንክና 40 ሚሊ ግራም መዳብ፣ አራት ለአንድ መሆኑ ነው። ብረት ግን አይጨመር። ጥቁር አፈር ላይ የተከመረ አገዳ አቧራው ብቻ ብረት ነው። በኪሎ 150 ሚሊ ግራም ብረት ያለው ጭድ 4 ኪሎ ሲበላ 600 ይደርሳል፣ የሚፈለገው 160 ሆኖ ሳለ። ጋሪ ጎታች እንስሳ ደም ቢያንሰው በአብዛኛው ተጠያቂው የሆድ ትል ነው፤ ለደም ማነስ እየተባለ የሚሸጠው የብረት መድኃኒት ትሉን አያወጣም።

ለሌላ እንስሳ የተሠራ

እስካሁን ያልነው ገንዘብና ጤና የሚያስከፍል ስሕተት ነው። የሚከተለው ግን ይገድላል።

የዶሮ መኖ ካልሲየም አለው፣ ቫይታሚን አለው፣ ሽታውም ጥሩ ነው፣ የተበላሸ ወይም የተረፈ ሲሆን ደግሞ በርካሽ ይገኛል። ዶሮ እርባታ በበዛበት እንደ ቢሾፍቱ ባለ ከተማ ጋሪ ፈረስም ብዙ ነው፣ ሁለቱ መገናኘታቸው አይቀርም። በብዙ የዶሮ መኖ ውስጥ ግን ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ለመከላከል ሞኔንሲን፣ ሳሊኖማይሲን ወይም ናራሲን ይጨመራል። ዶሮዋን የማይነካት መጠን የፈረስን የልብ ጡንቻ ያፈርሳል። መድኃኒት የለውም። ለሚደልቡ በሬዎች የተዘጋጀ ድብልቅ ውስጥም ሞኔንሲን ሊኖር ስለሚችል ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ሳይነበብ ወደ ፈረስ በረት አይግባ።

ለከብት የሚዘጋጀው በሞላሰስና በዩሪያ የተጋገረው የሚላስ ጡብ እንዲህ አይገድልም። ይሁን እንጂ ዩሪያው የሚጠቅመው ለሚያመሰኳ እንስሳ ነው፣ ሞላሰሱ ደግሞ ስኳር ነው፤ ለወፈረውና ሰኮናው ለታመመው ድንክ ፈረስ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሴሌኒየም ነው። የሚያስፈልገው መጠን ለድንክ ፈረስ በቀን ግማሽ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፤ በሚጠቅመውና በሚገድለው መካከል ያለው ርቀትም ጠባብ ነው። በሚያዝያ 2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፍሎሪዳ ለፖሎ ውድድር የተዘጋጁ 21 ፈረሶች በሰዓታት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። የተሰጣቸው ማጠናከሪያ ሲቀመም የሴሌኒየሙ መጠን ተሳስቶ ነበር። ሐኪም፣ ገንዘብና ላቦራቶሪ የሞላበት ቦታ ላይ የሆነ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ማጠናከሪያ በአንድ ላይ መስጠት፣ ሁለቱም ሴሌኒየም ካላቸው፣ በፍጹም አይደረግ።

ታዲያ ምን ይገዛ?

ያለ ሒሳብ የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጨው። ሣርም ጭድም እህልም ሶዲየም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ የፈረስ ላብ ደግሞ በሊትር 3 ግራም ያህል ሶዲየም ይዞ ይወጣል። ሾዋክ ላይ በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጋሪ የሚጎትት እንስሳ ምን ያህል እንደሚያልበው ይታሰብ። ከአፋር የመጣ አሞሌም ሆነ ከቀይ ባሕር የወጣ ተራ ጨው ይበቃል፣ ንጹሕ ውኃ አጠገቡ እስካለ ድረስ የበዛውን ኩላሊት ያስወጣዋል። በሱዳን ገበያ የሚሸጠው አጥሩን ሶዲየም ቢኖረውም ተራ ጨው አይደለም፤ አሲድን የሚሰብር ሶዳ ነው፣ ዋነኛ መላሻ ባይሆን እመርጣለሁ።

ከጨው በኋላ ያለው ሁሉ የሚወሰነው እንስሳው በሚበላው ነው። ፉርሽካ ወይም እህል የሚበዛበት ከሆነ ካልሲየም ያለ ፎስፈረስ። በጭድና በአገዳ ብቻ ከቀረ ዚንክና መዳብ ያለ ብረት፣ ፎስፈረስም ጥቂት። አልፋልፋ የሚያገኝ ከሆነ ካልሲየም ጨርሶ አይገዛለት። እርግጠኛ ለመሆን መኖውን ማስመርመር ይቻላል፤ አዲስ አበባ ባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም (ኢልሪ) እና በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የመኖ ላቦራቶሪዎች አሉ። ፊቱ ያበጠ ወይም ቆሞ መሄድ ያቃተው እንስሳ ግን የመኖ ውጤት ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ለመተማና ለአካባቢው ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም።

አንድ ባለጋሪ ግን ላቦራቶሪ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሂድ ማለት ቀልድ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ሌላ ወገን ነው። ዱቄት ፋብሪካዎችና ዘይት መጭመቂያዎች ፉርሽካውንና ፋጉሎውን በጆንያ ሲያወጡ በኪሎ ስንት ግራም ካልሲየም፣ ስንት ግራም ፎስፈረስ እንዳለው ጆንያው ላይ ያትሙ። የዶሮ መኖ አቀነባባሪዎችም «ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ አይሰጥም» የሚለውን በትልቁ በአማርኛ ይጻፉ፤ ሳያነቡ የሚገዙትን ደግሞ ሻጩ በቃል ይንገራቸው።